ያልተላጠ መዳፍ

ገመድ ያዥ አንድ ሥራ ብቻ አለው፤ እሱም ገመድ መያዝ ነው። አይጽፍም፣ ስልክ አያነሳም፣ ለአላፊ አግዳሚው ሰላምታ አይመልስም። ይህን ሕግ ለዘጠኝ ዓመታት ለተማሪዎቼ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኩልፎ ወንዝ ዳር ሕጉን የጣሰውም ከእኔ ሌላ ማንም አልነበረም።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ልናገር። ከጎጃም ለማስተማር መጥቶ አርባ ምንጭ በቀረ መምህር ቤት፣ ሲቀላ ውስጥ ተወልጄ አደግኩ። በሠላሳ ሁለት ዓመቴ በውሃ ምህንድስና ዶክትሬቴን ያዝኩ። ተማሪዎቼ ይፈሩኝ ነበር፤ መፍራታቸውንም እወደው ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ ሳይለካ የቀረበትን የሦስት ቀን የወንዝ መረጃ በግምት ሞልቶ ስላቀረበ የመመረቂያ ጽሑፉን መለስኩበት። «ያልተለካ ቀን ባዶ ይተዋል» አልኩት። «ባዶ ቦታ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው በፈጠራ መሙላቱ ነው።» አባቱ ሊለምኑኝ ከሳውላ ድረስ መጥተው ነበር። በሬን አልከፈትኩላቸውም።

ሰዎች ስለ እኔ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ ጠንካራ ናት። አውቶቡስ አልሳፈርም ነበር። ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው ሚኒባስ ከገባሁ በሩ አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም፤ ተሳፋሪዎቹንም አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። እንቅልፌ ከአራት ሰዓት አይበልጥም ነበር። የሰው እጅ አልይዝም። ያጨኝ ሰው እጄን በያዘ ቁጥር ትንፋሽ ያጥረኝ ስለነበር ተውኩት፤ ለእሱ ግን «ሥራዬ ይበልጥብኛል» አልኩት፤ አመነኝ። ከሚያውቁኝ ሁሉ አንድም ሰው ይህ የሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል አላለም። ሥርዓት ያላት፣ ጊዜዋን የማታባክን፣ ወንድ የማያታልላት ተባልኩ። የምስጋና የምስክር ወረቀቶቼ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አሉ።

ወደ ማክሰኞው ልመለስ።

የወንዙን ፍሰት ለመለካት ሦስት ሆነን ወርደን ነበር። አቶ ጋንታ የመስክ ቴክኒሻናችን ናቸው፤ የዶርዜ ሰው፣ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው። በልጅነታቸው ያስተማራቸው አባቴ ስለነበር ዶክተር እያሉም «አንቺ» ይሉኛል። ሦስተኛዋ ሰናይት ናት፤ የማስተርስ ጥናቷን እኔ የማማክራት ተማሪ። የሥራው አካሄድ ቀላል ነው። አንድ ሰው ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ ወንዙ ውስጥ ይገባል፤ የውሃውን ፍጥነት የሚቆጥረውን መሣሪያ በየርምጃው እየተከለ ንባቡን ይጣራል። አንዱ ዳር ቆሞ ይጽፋል። አንዱ ገመዱን ይይዛል።

«ዶክተር፣ ውሃው ዛሬ ተቆጥቷል» አሉ አቶ ጋንታ ተንሳፋፊ ሰደሪያቸውን እየቆለፉ። «ጨንቻ ሲዘንብ ነው ያደረው።»

«ጥልቀቱ ስንት ነው?»

«እስከ ጭኔ።»

«የእርስዎ ጭን መለኪያ አይደለም። በሜትር ይንገሩኝ።»

«መለኪያ ካልሆነ ይኼን ሁሉ ዓመት ለምን ደመወዝ ከፈሉት?»

ሰናይት ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ገመዱን ወገባቸው ላይ ላስር ስጠጋ በእጃቸው ከለከሉኝ። «እሱን ለእኔ ተይው። ነፍሴን በሰው ቋጠሮ አላስርም» አሉና ራሳቸው ቋጠሩት። የገመዱን ሌላ ጫፍ ዳር ባለው የሾላ ግንድ ላይ አንድ ዙር መጠምዘዝ ነበረብኝ። አልጠመዘዝኩም። በእጄ እተማመን ነበር።

አምስተኛውን ንባብ ሲጣሩ ሰማኋቸው። ከኋላችን፣ በሙዝ እርሻው መንገድ ላይ፣ ሙዝ የጫነ አይሱዙ ወደ ኋላ እየሄደ ነበር። ጎማው ፈነዳ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም።

ቀጥሎ የማውቀው ነገር ሙዙ መካከል መሬት ላይ መቀመጤን ነው። ጀርባዬን ለግንድ ሰጥቼ፣ ጉልበቶቼን አጥፌ፣ ግራ ክንዴን ደረቴ ላይ አጣብቄ ነበር። ቦታው ገመዱን ይዤ ከቆምኩበት ሰባ ሜትር ይርቃል፤ በኋላ ለክቼዋለሁ። ከወንዙ በኩል ጩኸት ይሰማል። ተነሥቼ ስሄድ የእርሻ ሠራተኞች አቶ ጋንታን ከአንድ የወደቀ ዛፍ ሥር ጎትተው እያወጧቸው ደረስኩ። ውሃው ሠላሳ ሜትር ያህል ወስዷቸዋል። ሰናይት እስከ ደረቷ ርሳ ቆማ ታየኛለች።

ሆስፒታል ሲደርሱ የቀኝ ትከሻቸው ብርኩማ አጥንትና ሁለት ጎድኖቻቸው መሰበራቸው ታወቀ። ከጽሕፈት ቤታችን እስከ ዓርብ የአደጋ ሪፖርት እንዳቀርብ ታዘዝኩ።

ረቡዕ ጻፍኩት። አንድ ገጽ ተኩል፣ አንድ ስርዝ የሌለበት። ዋናው ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «አደጋው የደረሰው በተጎጂው ወገብ ላይ የነበረው ቋጠሮ በመፈታቱ ነው።» ቋጠሮውን የቋጠሩት ተጎጂው ራሳቸው መሆናቸውንም አከልኩ። የዚህ ዐረፍተ ነገር ትርጉም ግልጽ ነበር፤ አቶ ጋንታ በራሳቸው ቸልተኝነት የተጎዱ ሰው ሆነው ይመዘገባሉ፤ የዕድሜ ልክ ሥራቸውም በዚያ ቃል ይዘጋል።

ዋሸሁ ብል ይቀለኝ ነበር። አልዋሸሁም። ቋጠሮው ሲፈታ አይቻለሁ ብዬ አምን ነበር። ምስሉ ጥርት ብሎ ይታየኝ ነበር፤ የገመዱ ጫፍ ከሰደሪያቸው ሲሾልክ፣ ውሃው ላይ ሲጠማዘዝ። ይህን ምስል ማን እንደሳለው ያን ጊዜ አልጠየቅኩም።

ሐሙስ ጠዋት ሰናይትን ቢሮዬ ጠራኋትና ወረቀቱን ሰጠኋት።

«አንብቢና በምስክርነት ፈርሚ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ዶክተር፣ እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ።»

«የፊደል ግድፈት?»

«አይደለም። ቋጠሮው አልተፈታም።»

«አንቺ እየጻፍሽ ነበር።»

«እየጻፍኩ ነበር። ጎማው ሲፈነዳ ግን ቀና አልኩ። እርስዎ ገመዱን ለቀው ሮጡ፤ እሳቸውም ሚዛናቸውን ስተው ወደቁ። መጀመሪያ ሰው ሊጠሩ መስሎኝ ነበር። ጠራሁዎት፤ ዞር አላሉም።»

«ጥናትሽን የማማክረው እኔ መሆኔን ታስታውሻለሽ?» አልኩ። ይህን ማለቴን አልደብቅም።

«እሱን ሳስብ ነው ያደርኩት» አለች። እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር አስተካክላ አስቀመጠች። «ያልተለካ ቀን ባዶ ይተዋል ያሉት እርስዎ ነዎት።» ተነሥታ ወጣች።

ውሸታም መሆኗን ላረጋግጥ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። ሪፖርቱ በቦርሳዬ ነበር፤ አቶ ጋንታም ሊፈርሙበት ይገባል።

«መጣሽ?» አሉኝ ከአልጋቸው ሆነው። «ሙዝ ይዘሽ ከሆነ መልሰሽ ውሰጂው። የመጣ ሁሉ ሙዝ ነው የሚያመጣልኝ። የወደቅኩት እኮ ሙዝ እርሻ ዳር ነው፤ አልናፈቀኝም።»

«ወረቀት ነው የያዝኩት።»

«እሱስ ይሻላል። አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ጥሩ አማርኛ ነው» አሉ። «አባትሽ ቢሰሙት ደስ ይላቸው ነበር። አሁን ከአልጋው ሥር ያለችውን ፌስታል አንሺ።»

ፌስታሉ ውስጥ እርጥበቱ ያልለቀቀው ገመድ ነበር። በአንድ በኩል በመቀስ ተቆርጧል። ከቁራጩ አንድ ስንዝር እልፍ ብሎ ቋጠሮው አለ፤ ጠብቆ፣ እንደተቋጠረ። ገመዱን ተከትዬ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። በእኔ እጅ የነበረው ጫፍ አልተበጠሰም፤ ምንም አልሆነም።

«ነርሷ ልትፈታው ታግላ አቃታት። እኔ የቋጠርኩት በመቀስ ነው የሚለቅ» አሉ። ቀጥለውም፣ «እስቲ መዳፍሽን አሳዪኝ» አሉኝ።

ዘረጋሁላቸው። እናንተም እንድታዩት እፈልጋለሁ። በዚያ ውሃ ውስጥ የተወሰደ ሰው የሚጎትተው ገመድ ከሰው እጅ በጉልበት ሲነጠቅ ቆዳውን ይዞ ይሄዳል። ይህ ግምት አይደለም፤ ሥራችንን የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የእኔ መዳፍ ለስላሳ ነበር። አመልካች ጣቴ ላይ ከቀለም ነጠብጣብ በቀር ምንም የለም። ገመዱ አልተነጠቀኝም። ከፍቼ ለቀቅኩት።

የሦስት ቀን መረጃ በግምት የሞላውን ያን ልጅ አስታወስኩ። እኔ የሞላሁት አራት ደቂቃ ነው፤ ግን የሞላሁት በሌላ ሰው ኪሳራ ነበር።

«ይህን ለምን ለማንም አላሳዩም?»

«አንቺን ስጠብቅ ነዋ። እኛ ጋ ሰው ሲጎዳ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ይጠይቃል። ማን ምን ደብቋል ይላል። ተደብቆ የቀረ ነገር ጎሜ ነው። ጎሜ እያለ አጥንት አይገጥምም።»

«እኔ በጎሜ አላምንም፣ አቶ ጋንታ።»

«አጥንቱ የእኔ ነው። እኔ ካመንኩ ይበቃል።»

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የሚፈልጉት?»

«ቆይ። ይቅርታ መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ምን ሆነ ነው የሚባለው።» ለመቀመጥ ሞከሩ፤ ጎድናቸው ከለከላቸው። «ውሃው ሲወስደኝ ፊትሽን አየሁ። እኔን አላየሽም። ሌላ ሰው ነው ያየሽው። ማን ነበር?»

በክፍሉ ውስጥ ሌሎች ሦስት አልጋዎች ነበሩ። አንዱ ሕመምተኛ ሬዲዮ ከፍቷል። ወደ በሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ ቆጠርኩ፤ አምስት። አልተነሣሁም። ለአሥራ አንድ ዓመታት ጮክ ብዬ ያልጠራሁትን ስም ጠራሁ።

«ማርታ።»

«አውቶቡስ ተገልብጦ የሞተችው እህትሽ» አሉ አቶ ጋንታ፣ እንደሚያውቁት ሁሉ። «ለቅሶው ላይ ነበርኩ። አላለቀስሽም። ውሃ ስትቀጂ፣ ሰው ስታስቀምጪ ነበር የዋልሽው። ድንኳኑ ሁሉ ጠንካራ ናት አለ። እኔም ብያለሁ። ተሳስተን ነበር። እዚያው መጠየቅ ነበረብን።»

ሪፖርቱን አወጣሁ። በመስክ ማስታወሻ ላይ የተሳሳተ ነገር አይፋቅም፤ እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል። የቋጠሮውን ዐረፍተ ነገር በአንድ መስመር ሰረዝኩት። ከበላዩ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ቋጠሮው አልተፈታም። ገመዱን የለቀቀችው ገመድ ያዧ ናት። ጎማ ከፈነዳበት ጊዜ ጀምሮ ለአራት ደቂቃ ያህል የገመድ ያዧ መረጃ የለም።» አቶ ጋንታ በግራ እጃቸው ፈረሙ። ፊርማው የሕፃን ይመስላል።

«አሁን ይቅርታ ጠይቂ» አሉ።

ጠየቅኩ።

«እሺ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ መጠየቅ እችላለሁ። መጠገን አልችልም። ታች ባለው ሕንፃ አንዲት ልጅ አለች፤ የወንድሜ ልጅ እሷ ጋ ከሄደ ወዲህ ነው እንቅልፍ የያዘው። ዛሬ ሂጂ። ነገ ካልሽ አትሄጂም፤ አውቅሻለሁ።»

ሪፖርቱ ዓርብ ገባ። ለአንድ ዓመት ከመስክ ሥራ ታገድኩ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ደረሰኝ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ኮሪደር ላይ ፈገግታቸውን መደበቅ ያልቻሉ ባልደረቦቼን ስም በልቤ ይዣለሁ። ሰናይትን ጠርቼ ሌላ አማካሪ እንዲመደብላት እንደምጠይቅ ነገርኳት። «ለምን? ከእርስዎ የባሰ የሚያርም የለም» አለችኝ።

ወደ ታችኛው ሕንፃ የሄድኩት ግን በዚያው ሐሙስ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሃያት ትባላለች፤ ሲቀላ ውስጥ የጨርቅ መደብር ያላቸው ነጋዴ ልጅ ናት። ገና ስገባ ትክ ብላ አየችኝ።

«አላስታወሱኝም፣ ዶክተር።»

«ማስታወስ ነበረብኝ?»

«የፈሳሽ መካኒክስ። ኤፍ።»

«ይገባሽ ነበር?»

«ይገባኝ ነበር። በዚያው ነው ትምህርት የቀየርኩት።» ወንበር አሳየችኝ። «ከከበደዎ ሌላ ባለሙያ እፈልግልዎታለሁ። ከልቤ ነው።»

ማርክ ለምና የማታውቅ ተማሪ እንደነበረች ትዝ አለኝ። ተቀመጥኩ።

ለሰባት ወራት ሄድኩ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እሷን በመፈተን አባከንኳቸው፤ የምትለው ሁሉ ምንጩ ምን እንደሆነ እጠይቅ ነበር፤ ትመልስልኝ ነበር። ያልረሳሁት አንድ ማብራሪያዋን ነው። «አእምሮዎ ያንን ቀን እንዳለፈ ነገር አላስቀመጠውም። ኩልፎ ዳር ጎማው ሲፈነዳ አደጋውን አላስታወሱም፤ እዚያው አደጋው ውስጥ ነበሩ። በሩ አጠገብ መቀመጡ፣ መቁጠሩ፣ እጅ አለመያዙ፣ ሁሉም ከአውቶቡሱ ለመውጣት የሚደረግ ሙከራ ነው።» አሥራ አንድ ዓመት ጠባዬ ነው ያልኩት ነገር በሦስት ዐረፍተ ነገር ሌላ ስም አገኘ። ተቆጣሁ። የተቆጣሁት ትክክል ስለነበረች ነው።

አንድ ቀን ስገባ ወለሉ ላይ ገመድ ተዘርግቶ አገኘሁ። አጠገቡ ድንጋዮችና የደረቁ አበቦች ነበሩ። ገመዱ ሕይወቴ ነው፤ ለክፉው ቀን በተራው ድንጋይ፣ ለደጉ ቀን አበባ ይቀመጥበታል። በሩ ላይ ቆምኩ።

«ሌላ ነገር የለሽም?»

«እዚህ የሚመጣ ሁሉ የሚዘረጋው ይህንን ነው። ካስቸገረዎ በጠመኔ እንሠራዋለን።»

«ተይው» አልኩና ጫፉን አነሣሁ።

ትልቁን ድንጋይ ካስቀመጥኩ በኋላ ያንን ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳልዘል፣ ተናገርኩ። በተናገርኩ ቁጥር ሃያት ዘልዬ ወዳለፍኩት ትመልሰኛለች። አውቶቡሱ ቁልቁለት ላይ ነበር። ማርታ መስኮቱ በኩል ተቀምጣ የእኔን ዳቦ እየበላች ነበር፤ የራሷን ጨርሳለች። ጎማ ፈነዳ። መገልበጥ ስንጀምር ቀኝ እጇን በግራ እጄ ያዝኩ። ከዚያ እጄ ውስጥ አልነበረችም። እኔ ዳንኩ። ለአሥራ አንድ ዓመታት ለማንም ያልነገርኩት ነገር ይህ ነበር፤ ለቀቅኳት።

«በየትኛው እጅ ነበር የያዟት?» አለች ሃያት።

«በግራ።»

«ሆስፒታል ሲወስዱዎ ምን ተጎድተው ነበር?»

«ትከሻዬ ወልቆ ነበር።»

«የትኛው?»

ድንጋዩን አየሁት። ከዚያ ግራ ክንዴን አየሁ፤ በደረቴ ላይ ተጣብቆ ነበር።

«ግራ» አልኩ።

ሃያት ስሌቱን ለእኔ ተወችው። የለቀቀ ክንድ እንዲያ አይወልቅም። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሲገለበጥ አንዲት ሴት የእህቷን እጅ መገጣጠሚያዋ እስኪላቀቅ ይዛ ነበር። ጥንቁቅ ሰው ነኝና ይህ የመጨረሻ ማረጋገጫ ነው አልልም፤ ትከሻ በሌላ ምክንያትም ይወልቃል። ነገር ግን በራሴ ላይ የፈረድኩት ፍርድ ከዚህ በእጅጉ ባነሰ ማስረጃ ነበር፤ የትኛውም ተማሪዬ እንደዚያ ያለ መደምደሚያ ቢያመጣልኝ እመልስበት ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ድንኳኑ ውስጥ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። ያን ዕለት ሰባት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ።

ይህን የምታነቡ፣ ሕክምናው ሌላ ሰው አደረገኝ ብዬ አላባብላችሁም። ዛሬም በሩ አጠገብ መቀመጥ እመርጣለሁ፤ መቁጠሩን ግን ትቻለሁ፤ ባለፈው መስከረምም በአውቶቡስ እስከ ሶዶ ሄጄ ተመልሻለሁ። መራራነቴም አልለቀቀኝም፤ እሱ ሕመም አልነበረም። የሚያመርረኝን በትክክል አውቀዋለሁ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ውሃ ስትቀዳ የምትውልን ሴት አይታችሁ አድንቃችኋል። የማትተኛውን ትጉ፣ የማትነካውን ጨዋ ብላችኋል። ማድነቅ መጠየቅን ያስቀራል፤ ለሚያደንቀውም ይመቻል። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ጠንካራ ሰው ካለ ምስጋናውን አቆዩትና ምን እንደሆነ ጠይቁት። ጠንካራው ሰው እናንተው ከሆናችሁ ደግሞ መዳፋችሁን ተመልከቱ፤ ከዚያ የሚጠግን ፈልጉ። ሽማግሌው እንዳሉኝ፣ ዛሬ።

እገዳዬ ባበቃ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስታችንም ኩልፎ ወረድን። አቶ ጋንታ ሰደሪያቸውን ቆለፉ፤ ገመዱን ራሳቸው ቋጠሩ፤ ሌላውን ጫፍ ይዘው መጡና እጄ ላይ አኖሩት። ሌላ ሰው ይያዝ አላሉም። እኔ አልኩ።

«አጥንቴ ገጥሟል» አሉ። «ያዢ።»

ግንዱ ላይ አንድ ዙር ጠመዘዝኩት። ስምንተኛውን ንባብ እየተጣሩ ሳለ ከኋላችን ሙዝ የጫነ መኪና እያጓራ አለፈ። ጆሮዬ ጮኸ። እግሬ ያለበትን መሬት አየሁ፤ ኩልፎ ነው፤ ዛሬ ነው አልኩ። በዚያው ቅጽበት አቶ ጋንታ የረገጡት ድንጋይ ተንከባለለና ወደቁ። ገመዱ በእጄ ውስጥ ሮጠ። ጨበጥኩት። ቆመ።

ሳል እያሳላቸው ወጡ። ዳር እንደደረሱ ስለ ራሳቸው ምንም ሳይሉ፣ «አሳዪኝ» አሉኝ።

መዳፌን ከፈትኩ። ከአውራ ጣቴ ሥር እስከ ትንሿ ጣቴ ድረስ ቆዳው ተገፎ ቀልቷል። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከሰደሪያቸው የሚንጠባጠበው ውሃ ቁስሉ ላይ ወደቀ።

«ሰናይት» አሉ፣ «ይቺንም ንባብ ጻፊያት።»